ራቅ አድርጋችሁ ፓርክ አድርጉ

ባለፈው ሳምንት ዴንቨር አጠገብ፣ ሴንቴኒያል ውስጥ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ለልጄ ጃኬት ስፈልግ፣ አንድ አሮጌ የወንድ ካፖርት ከመስቀያው ሳብ አደረግኩ። የብል መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያቺ ነጭ ከረሜላ የምትመስለው፣ ሰው ልብስ መሃል የሚጥላት ነገር። ልጄ «ማም፣ ይሸታል» ብላ ሸሸች። እኔ ካፖርቱን ፊቴ ላይ ለጥፌ ቆሜ ቀረሁ። ሻጯ ልገዛ መስሏት መጣች፤ አልገዛሁትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ካፖርት ውስጥ ተደብቄ ነበር። የማወራችሁ ያንን ሰመር ነው።

ያኔ ኦሮራ ውስጥ የሚስ ዶሪን ቤዝመንት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እሷ ከላይ፣ እኛ ከታች። አባዬ ትራክ ይነዳል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ይመጣና አልጋው ላይ ወድቆ ሲያንኮራፋ የሚስ ዶሪ ወለል ይንቀጠቀጣል። እማዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት ትንከባከባለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን የምትይዘኝ ሚስ ዶሪ ነበረች። «እሷ» የምላት በንቀት እንዳይመስላችሁ። ሰባ ምናምን ዓመቷ ነበር፤ ግን የማውቃት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱታው አፌ ላይ አይመጣልኝም። እማዬ ግን በአማርኛ ነበር አንቱ የምትላት። «ሚስ ዶሪ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» ትላታለች፤ ሚስ ዶሪም አንድ ቃል ሳይገባት አረፍ ትላለች።

ቁም ሳጥኗ ውስጥ የቶሚ ካፖርት ተሰቅሏል። ሰመር ሲገባ ታወጣዋለች፣ አጥሩ ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች፣ በብሩሽ ትጠርገዋለች፣ ኪሱ ውስጥ አዲስ የብል መድኃኒት ከትታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ብሩሹን የማቀብል እኔ ነኝ። «ቶሚ ቆሻሻ አይወድም» ትላለች። «ቶሚ የቼሪ ፓይ ነፍሱ ነው።» «ቶሚ ሲያፏጭ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይከተለዋል።» ወንድሟ እንደሆነ ነግራኛለች፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ እንደሆነም ነግራኛለች። የአሮጊት ወንድም እንዴት አስራ ዘጠኝ ዓመት ይሆናል ብሎ መጠየቅ አልመጣልኝም። አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ይገባና ፓይ ይበላል ብዬ እጠብቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሳድግ ላገባውም አስቤ ነበር።

ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ካርታ አለ። ከአላስካ ጭራ ወዲያ ባሕሩ ላይ ደሴቶች ተበትነዋል፤ ክሩ የተበጠሰ ዶቃ ይመስላሉ። «እዚያ ጉም አይለቅም» ትለኛለች። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላኖቹን ከጠላት ጥይት ይልቅ የሚጥላቸው ጉሙ ነበር። አብራሪው ደመና ነው ብሎ ይገባል፤ ደመናው ውስጥ ተራራ አለ። ቶሚ የተሳፈረበትም ከነሰዎቹ ገብቶ ቀረ። ለቤተሰቡ «ጠፍቷል» ተባለ። «ሞቷል» ያለ የለም። ያን ጊዜ እናትየዋ ትንሿን ዶሪን አስቀምጣ፣ እዚህ ቤት ማንም እንዳያለቅስ፣ ያለቀሰ ሰው ወንድሙን በቁሙ ቀበረ ማለት ነው፣ አለቻት። ቤቱንም እንዳትለቂ፣ ቶሚ የሚያውቀው አድራሻ ይሄን ብቻ ነው፣ አለቻት። እናትም ሞተች፣ አባትም ሞተ፣ ሌላው ታላቅ ወንድሟም ሞተ። ሚስ ዶሪ አላገባች፣ አልወለደች፣ ከዚያ ቤት ንቅንቅ አላለች።

«ለምን በመኪና ሄደን አናመጣውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ባሕር አለ» አለችኝ።

«አባዬ ባሕሩ ጋ ፓርክ ያደርጋላ» አልኳት። አባዬ በትራክ የማይደርስበት አገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሚስ ዶሪ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ማለቴ ከሳቅ እንባ በስተቀር እንባ አያውቃትም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባባ መሐሪ ይመጣሉ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ስለተማሩት ከእማዬም ከአባዬም የጠራ አማርኛ ይናገራሉ። ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፣ ጫማቸው ፊት ያሳያል፣ ኪሳቸው ከረሜላ አያጣም። እንጀራቸው ታክሲው ነው፤ ዴንቨርና ኦሮራ ያለው አበሻ ግን የሚያውቃቸው በሌላ ነው። መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ለሟች ዘመድ ማንም አይደውልም። ለአባባ መሐሪ ነው የሚደወለው።

ልጅ አይሰማም ብለው ፊቴ ስለሚያወሩ ሕጉን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሥራ ቦታም አይነገርም። ሰውየው ማታ እራቱን መብላት አለበት፤ ባዶ ሆድ መርዶ አይችልም። ስለዚህ አንዱ ወዳጅ ዋዜማውን እንደ ድንገት ምግብ ይዞ ብቅ ይላልና «ብላ እንጂ፣ አንድ ጉርሻ ድገም» ሲል ያመሻል። ጠዋት ለሥራ ሳይወጣ፣ ገና ሲነጋጋ ይኬዳል። «መኪናችሁን ራቅ አድርጋችሁ ፓርክ አድርጉ» ይላሉ አባባ መሐሪ፤ ሰውየው በመስኮት የተደረደረ መኪና ካየ መርዶውን መኪናው ነገረው ማለት ነው። ከግራና ከቀኝ የሚቀመጥለት ይመደባል። ስልኩን ከእጁ ቀስ ብሎ የሚቀበለውም ይመደባል፤ ሳይዘጋጅ ማንም እንዳይደውልለት። ከዚያ እሳቸው ፊት ለፊቱ ተቀምጠው የሟቹን ስም ይጠራሉ። «ትንሽ ደክመዋል» ምናምን ብለው አያድበሰብሱም። ስሙን ጠርተው፣ ሞቷል ብለው፣ ዝም ይላሉ። አንድ እናቱ የሞተችበት ወጣት ብቻውን ይኖር ነበርና ለቅሶው እስኪያልቅ መሬት ላይ አብረውት ተኝተዋል፤ ሥራቸውን ትተው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተከበረ ሰው አይቻለሁ፤ እንደ አባባ መሐሪ ያከበርኩት የለም።

አንድ ቅዳሜ የሚስ ዶሪን ካርታ ሲያዩ ቆዩና «እኛም በሰሜን ደሴቶች አሉን» አሉ። የዳህላክን ነበር የሚሉት። ታናሽ ወንድማቸው አስመላሽ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን ነበር፤ በአገር ቤቱ ጦርነት ጊዜ የተሳፈረበት አውሮፕላን እዚያ ደሴቶቹ አካባቢ ባሕር ላይ ወደቀ።

«ከዚያስ?» አለች ሚስ ዶሪ።

«ከዚያማ ወሬ የለም» አሉ። «ዋናተኛ ነበር።»

ሚስ ዶሪ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገች። ሁለቱ ካርታው ፊት ቆመው ሲቀሩ እኔ ዝምታ ስለማልወድ «ለእርስዎስ መርዶ ማን ይነግርዎታል?» አልኳቸው። እማዬ ገላመጠችኝ። አባባ መሐሪ ፈገግ አሉና «እኔ ጋማ ማን ይመጣል» ብለው ከረሜላ ሰጡኝ።

በሰመሩ አጋማሽ ሊትልተን የሚኖረው ግሬግ፣ የሚስ ዶሪ የወንድም ልጅ፣ ቤዝመንታችን መጣ። አሁን የማወራውን የሰማሁት በኋላ ነው። ከደሴቶቹ በአንዱ ተራራ የሚወጡ ሰዎች የአውሮፕላን ስብርባሪ አገኙ። አጽሙ ተለቀመ። ከዓመታት በፊት ከሚስ ዶሪ ጉንጭ በጥጥ ተወስዶ ከነበረው የዲኤንኤ ናሙና ጋር ሲመሳከር ልክ ቶሚ ሆነ። የጦሩ መሥሪያ ቤት ጋ የተመዘገበው ስልክ የግሬግ ስለነበር ወሬው እሱ ጋ ደረሰ። ያ ግድንግድ ሰውዬ ደረጃችን ላይ ቁጭ ብሎ «ማታ እደውልላታለሁ» አለ።

«በስልክ?» አለች እማዬ።

«ፊቷን እያየሁ አልችልም። ልቧ ቢቆምስ?»

የሚስ ዶሪን የልብ መድኃኒት በየሳምንቱ የምትደረድርላት እማዬ ናት፤ ልቧ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ከግሬግ በላይ ታውቃለች። ደግሞ ወሬው መቅረት አይችልም፤ ቶሚ ሊመጣ ነው፣ መቀበር አለበት፣ እህቱ ነች። እማዬ ስልኳን አንስታ አባባ መሐሪ ጋ ደወለች።

አባዬ ከመንገድ ደውሎ ሲሰማ «ስልሳ ዓመት ለሞተ ሰው መርዶ? ያውም ለፈረንጅ? ሥራ ፈታችሁ እናንተ» አለ። አባባ መሐሪ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ «እስካሁን አልቅሳለታለች?» አሉ። እማዬ አላለቀሰችም አለቻቸው። «እንግዲያ ለእሷ ገና አሁን ነው የሚሞተው» አሉ።

ያን ጊዜ እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እማዬ በሩን ዘግታ በሹክሹክታ ስታወራ «መርዶ» የሚል ቃል ሰማሁ። «እሷ እንዳትሰማ» የሚልም ሰማሁ። ማታ ላዛኛ ሠርታ ለሚስ ዶሪ ይዛ ወጣች፤ ተመልሳ ደግሞ እኔን «ብዪ እንጂ፣ ምን ሆነሻል፣ ጨርሺ» አለችኝ። እንዲህ ብላ ለምናኝ አታውቅም። ሹካው እጄ ላይ ቀረ። አባዬ ዋዮሚንግ ነው ብላኝ ነበር፤ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። አገናኘሁት።

የቤዝመንት መስኮት ጣሪያው ሥር ነው፤ በውጭ በኩል መሬት ይነካል። እዚያ ቤት ሰው የምናውቀው በጫማው ነበር። ሲነጋጋ ነቃሁ፣ ወንበር ላይ ቆሜ አየሁ፤ ጫማዎች በሣሩ ላይ ቀስ ብለው ያልፋሉ። የእሑድ ጫማዎች። ከፊት የሚብለጨለጨው የአባባ መሐሪ ነው። አንገቴን አስግጌ መንገዱን አየሁ። ፓርክ ያደረገ አንድም መኪና የለም።

ካልተነገረኝ አባዬ አልሞተም፤ ካላገኙኝ አይነግሩኝም። በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ያገኘሁት መላ ይሄ ነው። በውስጥ ደረጃ ወደ ላይ ሮጥኩ፣ ሳሎን አጠገብ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈትኩ፣ የቶሚ ካፖርት ውስጥ ገባሁና ቁልፎቹን ከውስጥ ያዝኳቸው። ያ ሽታ ዓይኔን አቃጠለው።

ደወሉ ተደወለ። የሚስ ዶሪ ነጠላ ጫማ ወለሉን እየጠረገ ሄደ። በሩ ተከፈተ፤ የብዙ ሰው እግር ገባ። ወንበር ተንቀሳቀሰ። ሚስ ዶሪ በሌሊት ልብሷ መሃላቸው ቆማ መሆን አለበት። ዞር ዞር ብላ ፊታቸውን ስታይ ቆየችና፣ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ ባለው ድምፅ፣ «የኔ ማር» አለች እማዬን፤ «ባልሽ ነው? ባልሽን አንድ ነገር አገኘው?»

ካፖርቱ ውስጥ ቀጥ አልኩ። ሚስ ዶሪ በራሳቸው ሐዘን እሷ ጋ ሊያለቅሱ የመጡ መስሏታል። የሐዘን ፊት ይዘው በጠዋት በሯ ላይ የቆሙትን ሰዎች አይታ፣ መጀመሪያ ያሰበችው ሶፋው እንዳይጠባቸው ነው። «ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ» ትላለች። «ልጅቷስ ታውቃለች?»

«ዶሪ» አሉ አባባ መሐሪ። «ወደ እኛ አይደለም የመጣው። አንቺ ተቀመጪ።»

ሶፋው ሲጥ አለ። ከግራዋ ግሬግ፣ ከቀኟ እማዬ እንደተቀመጡ ባላይም አውቃለሁ።

«ቶሚ ነው» አሉ። «ቶሚን አገኙት። ያኔ፣ አውሮፕላኑ ተራራውን የመታ ቀን ነው የሞተው። ወደ አንቺ እያመጡት ነው።»

ከዚያ ዝም አሉ።

አባባ መሐሪ ከመግባታቸው በፊት ሁሉንም አስጠንቅቀዋል። የእሷ ልማድ ሌላ ነው፣ እንዳትጮሁባት፣ ልቧን እንዳታስደነግጡ ብለዋል። ሁሉም እሺ ብሎ ነው የገባው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ግን ለቅሶ ቤት ገብታ ዝም ማለት ከየት ታምጣው። መጀመሪያ ትንፋሿ ተሰማ፣ ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። «ወይኔ ቶሚዬ! ወይኔ የእናቴ ልጅ! በዚያ በብርድ አገር፣ ብቻህን፣ ካፖርትህን ቤትህ ጥለህ!» ካፖርቱን አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ታየው ነበር።

«ምንድነው ያለችው?» አለች ሚስ ዶሪ።

እማዬ ተረጎመችላት። በብርድ አገር፣ ብቻህን፣ ካፖርትህን ሳትይዝ።

«አዎ» አለች ሚስ ዶሪ። «አዎ። ካፖርቱን ትቶት ሄደ። እናቴ እንዲይዘው ነግራው ነበር።» ከዚያ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። የትልቅ ሰው አልነበረም፤ ወንድሟ የጠፋባት የትንሽ ልጅ ለቅሶ ነበር። እትዬ ዘነበችም ለቀቀችው፣ እማዬም፣ ግሬግም። አንድ ቀን ያላዩትን ልጅ በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። እኔ ካፖርቱ ውስጥ ሆኜ አባዬ አለመሞቱ ገና በደንብ አልገባኝም፤ ብቻ ሁሉም ሲያለቅስ እኔም አለቀስኩ።

ለቅሶው በረድ ሲል ሚስ ዶሪ «ካፖርቱን ስጡኝ» ብላ ራሷ ተነሳች። ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ካፖርቱ ተንቀሳቀሰ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እማዬ ከኋላ «ጌታ ሆይ» ስትል ሰማሁ። ጭንቅላቴን በሁለቱ ቁልፎች መሃል አወጣሁና «አባዬ ሞቷል?» አልኩ።

ሚስ ዶሪ በእንባ የራሰ ፊቷን ዝቅ አድርጋ ተንበረከከችልኝ። ወንድሟ የሞተባት እሷ ናት፣ የምታባብለው ግን እኔን ነው። «አልሞተም» አለችኝ። «አባትሽ ደህና ነው። በይ ነይ ውጪ፤ ቀስ ብለሽ፣ ካፖርቱን እንዳትጎትቺው።»

ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ሰው ምግብ እየያዘ ገባ፣ ወጣ፤ ሚስ ዶሪ የማታውቃቸው ሴቶች ሳህን ሲያጥቡላት ሰነበቱ። ቶሚ በመጣ ቀን አባባ መሐሪ ከታክሲዎቹ ሰልፍ ወጥተው አስከሬኑን ከኤርፖርት እስከ መቃብሩ ተከትለውታል። ካፖርቱን ሳጥኑ ውስጥ አጽሙ ላይ አለበሱት። የሚስ ዶሪ ልብ አልቆመም። እንዲያውም ደረጃ ስትወጣ ማለክለኳ ቀነሰ ብላ እማዬ ትገረም ነበር።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው ሚስ ዶሪ እማዬን ጠርታ «መሐሪንስ ማነው የሚነግረው?» ያለቻት።

እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነገሩ የታወቀ ነው። አውሮፕላኑ ሲወድቅ በጀልባ የደረሱ ሰዎች ነበሩ፤ አስመላሽን ራሳቸው አውጥተው ደሴቱ ላይ ቀብረውታል። እህትየዋ አስመራ ላይ ለቅሶ ከተቀመጠች ስንት ዘመኗ። ኦሮራ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ መርዶ ነጋሪውን ማን ያርዳው እየተባባለ ዝም አለ እንጂ። እሳቸውም እህታቸው ስትደውል ወሬ ወደዚያ ካዘነበለ ስልኩን ይዘጋሉ።

«ዋናተኛ ነበር አለኝ» አለች ሚስ ዶሪ። «እኔም ቶሚ ብርድ ይችላል እል ነበር።» ቀጥላም «እናቴ ስታዘኝ ልጅ ነበርኩ» አለች። «እሱን ማን አዘዘው? እኔ እነግረዋለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ስሙን አስጠናኋት። አስመላሽ። ፓይ ስትጋግር፣ ሳህን ስታጥብ፣ አስመላሽ። ዋዜማውን ማታ እማዬ ምግብ፣ ሚስ ዶሪ የቼሪ ፓይ ሠርተው በእትዬ ዘነበች እጅ ግሪን ቫሊ ራንች፣ አባባ መሐሪ ቤት ላኩላቸው። እትዬ ዘነበች እስኪበሉ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ሲነጋጋ ደረስን። ግሬግ ቤታቸው በር ላይ ሊያቆም ሲል ሚስ ዶሪ «እዚህ አይደለም፣ ራቅ አድርገህ» አለችው። ከመታጠፊያው ወዲያ ፓርክ አደረገ። ሚስ ዶሪ የቶሚ ቀብር ቀን የለበሰችውን ቀሚስ ለብሳ እጄን ይዛ ሄደች፤ እየቆመች፣ እየተነፈሰች። ያ ሁሉ መንገድ ለልቧ ብዙ ነበር፤ ማንም ደፍሮ እንመለስ አላላትም።

ደወሉን እሷው ደወለች። አባባ መሐሪ ወዲያው ከፈቱ፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ የታክሲው ቁልፍ እጃቸው ላይ ነው። ሚስ ዶሪን አዩ፣ እማዬን፣ እትዬ ዘነበችን፣ ግሬግን፣ እኔን። ሊስቁልን ጀምረው ነበር። ከዚያ በጭንቅላታችን ላይ አሻግረው መንገዱን አዩ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። መንገዱ ባዶ ነው።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለእማዬ ሰጧት። ከበሩ ዘወር አሉልን።

«ግቡ» አሉ። «እራቴን በልቻለሁ።»